የዲትሮይት የመኪና ኢንዱስትሪ፦ የገንዘብ ቀውሱና ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የሚደረገው ሽግግር

ዲትሮይት በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኝ ከተማ ስትሆን ለመቶ ዓመታት ያህል የአገሪቱ የመኪና ኢንዱስትሪ ማዕከል ሆና ኖራለች። ፎርድ በ1903፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1908፣ ክራይስለር ደግሞ በ1925 የተመሠረቱት በዚያው ግዛት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። ከሦስቱ ትልቁ ጄኔራል ሞተርስ ከ1931 እስከ 2007 በሽያጭ ብዛት የዓለም ቀዳሚ አምራች ነበር። በ2008 ቦታውን ለጃፓኑ ቶዮታ ለቀቀ፤ በ2009 ደግሞ እሱም ክራይስለርም ዕዳቸውን መክፈል ተስኗቸው ኪሳራ አወጁ።

የኢንዱስትሪው የገንዘብ ችግርና ብክለታቸው አነስተኛ ወደሆነ መኪኖች ያደረገው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይተረካሉ። ተነጣጥለው ሲታዩ ግን ሁለቱም በቅጡ አይገቡም። ኩባንያዎቹ በሚያተርፉበት ዘመን ትርፉ የሚመጣው ብዙ ነዳጅ ከሚጠጡት ትልልቅ መኪኖች ስለሆነ ለመለወጥ የሚገፋፋቸው ነገር የለም፤ ነዳጅ ተወዶ እነዚያ መኪኖች ገዢ ሲያጡ ደግሞ ለለውጡ የሚያወጡት ገንዘብ በእጃቸው አይኖርም።

የትርፉ ምንጭ ትልልቅ መኪኖች መሆናቸው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ሕግ ያመጣው ነው። የ1973ቱን የነዳጅ እጥረት ተከትሎ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1975 የመኪኖችን የነዳጅ ፍጆታ የሚወስን ሕግ አወጣ። ይሁን እንጂ ፒክአፖችና መሰሎቻቸው የሥራ መኪና ናቸው ተብለው ከቤት መኪኖች የላላ መለኪያ ተሰጣቸው። በዚህ ላይ፣ አውሮፓውያን በአሜሪካ የዶሮ ሥጋ ላይ ለጣሉት ቀረጥ አጸፋ ሆኖ ከ1964 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የ25 በመቶ ቀረጥ ከውጭ የሚገቡ ፒክአፖችን ከገበያው አራቃቸው። የዲትሮይት ኩባንያዎች ውድድር በሌለበትና ደንቡ በላላበት በዚህ ዘርፍ መሰማራታቸው የሚጠበቅ ነበር። በ1990ዎቹ በፒክአፕ ሻሲ ላይ የተሠሩ ኤስዩቪዎች (ከፍ ያሉ ትልልቅ መኪኖች) የቤተሰብ መኪና ሲሆኑ፣ ከአንዱ የሚገኘው ትርፍ ከትንሽ መኪና ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ወጪውም የዚያኑ ያህል ከባድ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በ1950 ከመኪና ሠራተኞች ማኅበር ጋር በተዋዋለው የአምስት ዓመት ስምምነት ጡረታና የሕክምና ዋስትና ለመስጠት ግዴታ ገብቷል። ስምምነቱ የአሜሪካን ሠራተኛ መካከለኛ ገቢ ያለው ዜጋ ካደረጉት ውሎች አንዱ በመሆኑ እንደ ስሕተት መቆጠር የለበትም። ችግሩ የመጣው የኩባንያው የገበያ ድርሻ እያነሰ፣ ጡረተኞቹ ደግሞ በሥራ ላይ ካሉት ሠራተኞች እየበዙ ሲሄዱ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ለሕክምና ብቻ የሚወጣው ገንዘብ ለእያንዳንዱ መኪና ሲካፈል 1,500 ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር፤ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ፋብሪካ የከፈቱት የጃፓን ኩባንያዎች ግን ሠራተኞቻቸው ወጣቶች ስለነበሩ እንዲህ ያለ ሸክም አልነበረባቸውም።

በዚህ መካከል የተለየ መንገድ የመያዝ ዕድል ነበረ። ካሊፎርኒያ በ1990 ትልልቅ አምራቾች በ1998 በግዛቷ ከሚሸጧቸው መኪኖች 2 በመቶው ምንም ጭስ የማያወጡ እንዲሆኑ ደነገገች። ጄኔራል ሞተርስ ከ1996 ጀምሮ ኢቪ1 የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና በኪራይ ብቻ ለደንበኞች አቀረበ፤ በአጠቃላይ የተሠሩት ከ1,100 ጥቂት ቢበልጡ ነው። ደንቡ ሲላላ ኩባንያው ፕሮግራሙን ዘጋና፣ ለመግዛት የሚለምኑ ተከራዮች እያሉ መኪኖቹን መልሶ ወስዶ አብዛኞቹን ጨፈላለቃቸው። ቶዮታ ግን በ1997 በጃፓን፣ በ2000 ደግሞ በአሜሪካ ለገበያ ያቀረበውን፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራውን ሃይብሪዱን ፕሪየስ እያሻሻለ መሸጡን ቀጠለ። ዲትሮይት በኤሌክትሪክ ሞተርና በባትሪ ዕውቀት ከፊት ተሰልፎ ሳለ ዕውቀቱን ማስቀመጫ ውስጥ መክተቱ እስከ ዛሬ ድረስ ያልተካካሰ ጉዳት ይመስለኛል።

በ2008 በጋ በአሜሪካ የአንድ ጋሎን (3.8 ሊትር ገደማ) ቤንዚን ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ሲሆን የትልልቅ መኪኖች ሽያጭ በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። በሴፕቴምበር ሌህማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ሲወድቅ ደግሞ ብድር ተቋረጠ፤ አብዛኛው አሜሪካዊ መኪና የሚገዛው በብድር ስለሆነ ትንሽ መኪና መግዛት የፈለገም ቢሆን ገንዘብ የሚያበድረው አጣ። በ2007 ወደ 16 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው ዓመታዊ ሽያጭ በ2009 ወደ 10.4 ሚሊዮን ወረደ። ጄኔራል ሞተርስ በ2008 ብቻ 30.9 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ፎርድ ኪሳራ ከማወጅ የዳነው ከሁለት ዓመት በፊት ፋብሪካዎቹን፣ ሌላው ቀርቶ ሰማያዊውን የንግድ ምልክቱን ሳይቀር አስይዞ 23.6 ቢሊዮን ዶላር ስለተበደረ ነው። ያን ጊዜ የጭንቀት ውሳኔ የመሰለው ብድር ባንኮች ሲዘጉ ነፍሱን አቆየለት።

በኖቬምበር የሦስቱ ኩባንያዎች ኃላፊዎች በየግል አውሮፕላናቸው ዋሽንግተን ሄደው የመንግሥትን እርዳታ ሲጠይቁ ሕዝቡ ተቆጣ፤ በቀጣዩ ወር ሲመለሱ በሃይብሪድ መኪኖች ተጉዘው መጡ። የእርዳታው ሕግ በሴኔቱ ሳያልፍ ቢቀርም ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለባንኮች ከተመደበው ገንዘብ 17.4 ቢሊዮን ዶላር ለጄኔራል ሞተርስና ለክራይስለር እንዲሰጥ በዲሴምበር 19 ወሰኑ። ሥልጣን የተረከቡት ባራክ ኦባማ ኩባንያዎቹ ያቀረቡትን የመልሶ ማቋቋሚያ ዕቅድ አልተቀበሉትም፤ የጄኔራል ሞተርስ ሥራ አስፈጻሚ ሪክ ዋጎነርም በመንግሥት ጥያቄ ሥራቸውን ለቀቁ። ክራይስለር በኤፕሪል 30 ቀን 2009፣ ጄኔራል ሞተርስ በጁን 1 ኪሳራ አወጁ። የጄኔራል ሞተርስ ሀብት 82.3 ቢሊዮን፣ ዕዳው ግን 172.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከ40 ቀናት በኋላ ከፍርድ ቤት ሲወጣ የአሜሪካ መንግሥት የ61 በመቶ ባለድርሻ ሆኖ ነበር፤ የጡረተኞቹ የሕክምና ፈንድ 17.5 በመቶ፣ የካናዳና የግዛቷ የኦንታሪዮ መንግሥታት 12 በመቶ ገደማ ደረሳቸው። ፖንቲያክ፣ ሳተርንና ሃመር የተባሉት የመኪና ስሞች ያን ጊዜ ከገበያ ጠፉ። መንግሥት ለዘርፉ ካወጣው 80 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያልተመለሰለት 9 ቢሊዮን ያህል ነው።

የማዳኑን ዋጋ ግን ግብር ከፋዩ ብቻውን አልከፈለውም። አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ ከጎኑ ቆሞ ያንኑ ሥራ ከሚሠራው ነባር ሠራተኛ ግማሽ ያህል ደመወዝ የሚያገኝበት ሥርዓት በ2007 ተጀምሮ በቀውሱ ወቅት ሰፋ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ መኪና ሻጮችም ውላቸው ተቋረጠ።

ከእርዳታው ጋር የነዳጅ ቁጠባ ግዴታ አብሮ መጣ። በሜይ 2009 የኦባማ አስተዳደር አዳዲስ መኪኖች በ2016 በአማካይ በጋሎን 35.5 ማይል (በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ) እንዲሄዱ የሚጠይቅ ዕቅድ ይፋ አደረገ። ክራይስለርን የተረከበው የጣሊያኑ ፊያት መጀመሪያ የተሰጠው ድርሻ 20 በመቶ ሲሆን፣ ተጨማሪ 5 በመቶ የሚያገኘው በጋሎን 40 ማይል የሚሄድ መኪና አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት ከበቃ ነበር። ፊያት ዶጅ ዳርት የተባለችውን ትንሽ መኪና አቅርቦ ድርሻውን አገኘ፤ ነዳጅ ሲረክስ ግን ገዢ ጠፋና በ2016 ምርቷ ቆመ። ቅድመ ሁኔታው መኪናውን ማሠራት ቻለ፣ ሰው እንዲገዛው ማድረግ ግን አልቻለም።

ቀድሞ በ2007 የወጣ ሕግ ባስገኘው የ25 ቢሊዮን ዶላር የብድር ፕሮግራም አማካይነት ፎርድ 5.9 ቢሊዮን፣ ገና ጀማሪ የኤሌክትሪክ መኪና አምራች የነበረው ቴስላ ደግሞ 465 ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደላቸው። ቴስላ ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት በጋራ ይዘውት የነበረውን፣ በ2010 የተዘጋውን ፋብሪካ ገዝቶ ሥራ ጀመረበት፤ ብድሩንም በ2013 ከፍሎ ጨረሰ። የዚሁ ብድር ተጠቃሚ የነበረው ሌላው ጀማሪ ኩባንያ ፊስከር በዚያው ዓመት ኪሳራ አወጀ።

ጄኔራል ሞተርስ በቀውሱ መካከል እንኳ ሳያቋርጥ የቀጠለው የሼቭሮሌት ቮልት ሥራ በዲሴምበር 2010 ለገበያ በቃ። መኪናው 56 ኪሎ ሜትር ያህል በባትሪ ብቻ ከሄደ በኋላ በቤንዚን ሞተር የሚታገዝ ነበር። መሐንዲሶቹ የሚኮሩበት ሥራ ቢሆንም ዋጋው 41,000 ዶላር በመሆኑ የብዙኃን መኪና ሊሆን አልቻለም፤ በ2019 ምርቱ ተቋረጠ። ከ2014 ወዲህ ቤንዚን ስለረከሰ አሜሪካውያን ወደ ፒክአፕ ተመልሰው ነበር፤ ፎርድም በ2018 ከመስታንግ በስተቀር የቤት መኪና በአሜሪካ መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ።

ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የሚደረገው ጉዞ ሁለተኛው ማዕበል በ2021 ጄኔራል ሞተርስ እስከ 2035 ጭስ የሚያወጡ ቀላል መኪኖችን መሸጥ የማቆም ግብ እንዳለው ሲያስታውቅ ተጀመረ። በ2010 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረው የባትሪ ዋጋ በ2023 ወደ 140 ዶላር ገደማ ወርዷል። ፎርድ በ2022 ኤፍ-150 ላይትኒንግ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ አወጣ። ሆኖም የፎርድ የኤሌክትሪክ ክፍል በ2023 4.7 ቢሊዮን፣ በ2024 ደግሞ 5.1 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ኪሳራውን የሸፈነው ለድርጅቶች ከሚሸጡ የነዳጅ ቫኖችና ፒክአፖች የተገኘው ትርፍ ነው።

በሴፕቴምበር 2023 የሠራተኞች ማኅበሩ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስቱም ኩባንያዎች ላይ በአንድ ጊዜ የሥራ ማቆም አድማ መታ። በተገኘው ውል እስከ 2028 የሚደርስ የ25 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተወሰነ፤ የሁለት ደረጃ ደመወዙም በአብዛኛው ቀረ። ሠራተኛው ከደመወዙ ባልተናነሰ የሠጋው ለባትሪ ፋብሪካዎቹ ነበር፤ ሞተርና ማርሽ የሚገጣጥመው እጅ ሥራ ሲያጣ አዲሱ ሥራ ዝቅተኛ ክፍያ ወዳለበት ቦታ እንዳይሄድ ፈርቶ ነበር።

ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አብቅቷል። በዲሴምበር ፎርድ በኤሌክትሪክ ዕቅዱ ምክንያት 19.5 ቢሊዮን ዶላር በኪሳራ እንደሚመዘግብና የላይትኒንግን ምርት እንደሚያቆም አስታወቀ። አሜሪካ በ2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የ100 በመቶ ቀረጥ በመጣሏ የአገር ውስጥ ገበያው ለጊዜው ተከልሏል፤ ከድንበሯ ውጭ ግን እንዲህ ያለ ከለላ በየቦታው የለም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የታዩት በቻይና የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ፎርድ ራሱ በ30,000 ዶላር ገደማ ሊሸጠው ላቀደው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ የሚያስፈልገውን ባትሪ በሚሺጋን፣ ማርሻል ከተማ የሚያመርተው ሲኤቲኤል ከተባለው የቻይና ኩባንያ በፈቃድ ባገኘው ቴክኖሎጂ ነው።