ተማሪው የሚሸሸው ጤናን ነው ወይስ ስብከትን? በግቢ ውስጥ ስለ ጤና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይነበብ የሚያረጅ ወረቀት ቢኖር ስለ ጤና የተለጠፈው ነው። ይህን ያየ ሰው ተማሪው ለጤናው ደንታ የለውም ይላል። ያው ተማሪ ግን ማታ ማደሪያው ውስጥ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጭንቀቱና ስለ ክብደቱ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ያመሻል። የሚሸሸው ስብከቱን ነው። ከሽሽቱ ጋር ግን ጥቂት የተሳሳቱ አመለካከቶች አብረው ሥር ሰደዋል።

«ጤናን ማበልጸግ ማለት ምክርና ማስጠንቀቂያ ነው።»

ለዚህ አመለካከት ተማሪውን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ብዙ የጤና ዘመቻ አዘጋጆች ራሳቸው ሥራውን ከፖስተር አያሳልፉትም። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ ላይ የወጣው የኦታዋ ቻርተር ግን ጤናን ማበልጸግ ሰዎች ጤናቸውን በራሳቸው እጅ እንዲያደርጉና እንዲያሻሽሉ የማስቻል ሂደት ነው ይላል። ቁልፉ «ማስቻል» የሚለው ቃል ነው። ተማሪን «በጊዜ ተኛ» ማለት ምክር ነው። የጽሑፍ ማስረከቢያ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ወደ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ማምጣት ግን ማስቻል ነው። «ውኃ ጠጡ» ብሎ በመለጠፍና በየፎቁ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በማስገባት መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ ውስጥ የወጣው የኦካናጋን ቻርተር ዩኒቨርሲቲዎች ጤናን በአስተዳደራቸው፣ በትምህርታቸውና በመላው የግቢው ኑሮ ውስጥ እንዲያስገቡ የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉዳዩን ለክሊኒኩ ብቻ ትቶ መቀመጥ አይቻልም ማለት ነው፤ የፈተና መርሐ ግብር የሚያወጣው ክፍልም፣ ሳያውቀው፣ የጤና ሥራ እየሠራ ወይም እያበላሸ ነው።

«ሁሉም ያደርገዋል።»

ከሁሉም የሚገርመኝ ይህኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ዌስሊ ፐርኪንስና አላን በርኮዊትስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ተማሪዎች ጓደኞቻቸው ስለ መጠጥ ያላቸውን አቋም ከእውነቱ ይልቅ የላላ አድርገው እንደሚገምቱ አሳዩ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሰክሮ ኮሪደሩን የሚያውክ አንድ ተማሪ ፎቁን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ በሩን ዘግቶ የተኛውን ሠላሳውን ግን ማንም አይቆጥራቸውም። በማግስቱም ወሬው ስለ አንዱ ነው። ሰው ደግሞ ብዙኃኑ የሚያደርገው የመሰለውን ያደርጋል፤ በዚህ መንገድ የሌለ ብዙኃን እውነተኛ ተከታይ ያፈራል።

«ተማሪዎቻችን በመጠጥ እያለቁ ነው» የሚል ዘመቻ ሳያስበው ይህንኑ ግምት ሊያጠናክር ይችላል። መፍትሔው ምን ያህሉ ተማሪ እንደሚጠጣ ከዚያው ግቢ የተሰበሰበውን ትክክለኛ ቁጥር መንገር ነው። ውጤቱ ግን በየቦታው አንድ ዓይነት አልሆነም፤ በተለይ ተማሪው ቁጥሩን ካላመነው ብዙ አይፈይድም። ብዙኃኑ በእርግጥ የሚጠጣበት ግቢ ከሆነም ሌላ መላ መፈለግ ግድ ነው።

«ወጣት ነኝ፤ ይህ ለእኔ አይደለም።»

ግማሽ እውነት አለው። የልብ ድካምና ስትሮክ በሃያ ዓመት ሰው ላይ ብዙም አይታዩም። የአእምሮ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ ዕድሜ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሕይወት ዘመናቸው የአእምሮ ሕመም ካጋጠማቸው ሰዎች ሦስት አራተኛ በሚሆኑት ላይ ሕመሙ የጀመረው 24 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። የዩኒቨርሲቲ ዓመታት በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ።

«የሥነ ልቦና ምክር የሚፈልገው የባሰበት ሰው ነው።»

ከጓደኛ መለየት፣ የክፍል ውጤት መውረድ፣ ከቤት መራቅ፣ ሁሉም በቂ ምክንያት ናቸው። «ወሬው ይወጣል» የሚለው ፍርሃት ግን መናቅ የለበትም። ባለሙያው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ደግሞ ከግዴታው ነጻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያው ቀን «የምነግርህን ማን ያየዋል?» ብሎ መጠየቅ የተማሪው መብት ነው። ሌላም አለ፤ ያዘነ ጓደኛን «ራስህን ስለ ማጥፋት እያሰብክ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በውስጡ አይተክልም። ዝም ማለት ግን ብቻውን ይተወዋል።

«ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት ያዋጣል።»

አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። እንዲህ ሆኖ ፈተና መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያዋጣ አንባቢ ይፍረድ።

«ለስፖርት ጊዜ የለኝም።»

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ካልቆየ አይቆጠርም የሚለውን የቀድሞ ገደብም እ.ኤ.አ. በ2020 አንስቶታል። ከክፍል ወደ ክፍል ፈጠን ብሎ መራመድም ይቆጠራል።

«ተማሪዎች ግድ የላቸውም።»

ይህ የአዘጋጆች ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ጭንቀትን ስለ መቋቋም ገለጻ ተጠርተን ነበር። በማግስቱ ፈተና ነበረን፤ አዳራሹ ውስጥ አሥራ አምስት አንሞላም። ተናጋሪው ባዶ ወንበሮቹን እያየ ስለ ወጣቱ ግድየለሽነት ጥቂት ተናገረ። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ከክፍላችን ብዙዎች በመጣን ነበር፤ ቀኑ ሲመረጥ ግን የጠየቀን አልነበረም።