«ምክር ያልሰማ መከራ ይመክረዋል» ስንል ምን እያልን ነው?

ይሄን አባባል የማያውቅ ሀበሻ ያለ አይመስለኝም። እኛ ጎንደር ደግሞ ቡና ተፈልቶ በረካው ሳይደርስ አንዱ አፍ ላይ መምጣቱ አይቀርም፣ በተለይ ሰው ወድቆ ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲዞር። «ምክር ያልሰማ መከራ ይመክረዋል።» አንዳንዱ «ሰው ያልመከረውን መከራ ይመክረዋል» ይለዋል፣ አያቴ ደግሞ ስትናደድ አሳጥራ «ተዉት፣ መከራ ይምከረው» ነበር የምትለው። ዞሮ ዞሮ የምንሰማው አንድ ነገር ነው፦ ተነግሮህ ነበር፣ እምቢ አልክ፣ እንግዲህ ቅመሰው።

እኔም ብዬዋለሁ፣ ለዛውም ማለት በማይገባኝ ቦታ። ጎረቤታችን አንዲት እናት አለች፣ እትዬ እያልን ነው ያደግነው፣ ልጇ ከኔ ሶስት አራት አመት ያንሳል። ይሄ ልጅ በመተማ አድርጌ ሱዳን፣ ከዛ ሊቢያ፣ ከዛ ባህሩን ተሻግሬ አውሮፓ እገባለሁ ብሎ ተነሳ። ያልለመነው አልነበረም፣ እናቱ እግሩ ላይ ወድቃለች፣ የንስሐ አባቱ ተቆጥተውታል፣ እኔም ራሴ ፒያሳ ቡና ጋብዤ ሁለት ሰአት ሙሉ መክሬዋለሁ። ሄደ። ሱዳን ላይ ደላላ ገንዘቡን በላው፣ ወባ ጣለው፣ ከወራት በኋላ ከስቶ ጠቁሮ ሰው ረድቶት ተመለሰ። እናቱ ደስ ብሏት ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች፣ እኔም ሄድኩ፣ ስኒዬን እንደያዝኩ እየሳቅሁ «እንግዲህ ምክር ያልሰማ መከራ ይመክረዋል» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ አቀረቀረ። እናቱ ረከቦቱ ላይ ያሉትን ስኒዎች ማስተካከል ጀመረች፣ ስኒዎቹ ግን መጀመሪያውኑ ተስተካክለው ነበር።

ያን ቀን ክፉ ነገር የተናገርኩ አልመሰለኝም። እውነት ነበራ። ተመክሯል፣ አልሰማም፣ መከራ አግኝቶታል፣ ምኑ ነው ሐሰቱ?

ከሁለት አመት በኋላ ተራው የኔ ሆነ። አንድ ጓደኛዬ ብድር ሊወስድ ዋስ ሁነኝ አለኝ፣ ባለቤቴ አትፈርም አለችኝ፣ ታላቅ ወንድሜ አትፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ። ጓደኛዬ ጠፋ፣ እዳው እኔ ላይ መጣ፣ አዘዞ መስመር ላይ የነበረችኝን ሱቅ ሸጬ ከፈልኩና እቤት ቁጭ አልኩ። ሊያጽናና የመጣው ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ሻይ ከጠጣ በኋላ «ተነግሮህ ነበር እኮ» ሳይል አይወጣም ነበር፣ አባባሏም አልቀረችም። እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ ግን አንድም ሌሊት አላስተኛኝም።

አንድ ረቡዕ ከሰአት እትዬ መጣች። በትንሽ ድስት ምስር ወጥ ይዛ ነው የመጣችው፣ ጓዳ ገብታ ከባለቤቴ ጋር ነጭ ሽንኩርት ልጣ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አውርታ፣ ለኔ «የኔ ልጅ በልተሃል?» ከማለት በቀር ስለ እዳውም ስለ ጓደኛዬም ምንም አላነሳችም። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ «እኔም ያኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት ውዳሴ ማርያም ድገም» አለችኝ። በቃ ይሄው ነው። የቡናውን ቀን ታስታውስ አታስታውስ እስካሁን አልጠየቅኋትም፣ ግን ያችን ቃል መልሳ ልትሰጠኝ የምትችለው በሙሉ መብት እሷ ነበረች፣ አልሰጠችኝም።

ከዛ ወዲህ ነው አባባሉ ራሱ ያሳሰበኝ። ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ አውቃለሁ፣ ሄጄ «ይፍቱኝ የኔታ» አልኳቸው፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ስለ እዳው ትተው ስለ ግሱ ማውራት ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ግን ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው «ምክር» እና «መከራ» ድምፃቸው ስለሚመሳሰል አንዱ ጨዋታ አዋቂ የገጣጠማቸው ይመስለዋል፣ እኔም እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። አይደለም፣ ቃላቶቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በግእዝ መከረ ማለት ያው አማርኛው መከረ ነው፣ አመከረ ሲሆን ግን ፈተነ ማለት ነው፣ መከራም ከዚሁ ወጥቶ ዋናው ፍቺው ፈተና ነው። አማርኛችን ደግሞ ከዛው ስር ሞከረና ሙከራን አወጣ። እኛ ውለን አድረን መከራን ስቃይ ብቻ አደረግነው እንጂ ቃሉ ሲወለድ በውስጡ መፈተን አለ፣ ተፈትኖ መታወቅ አለ፣ ከመመከር ጋርም ዘመድ ነው። ስለዚህ አባባሉ «መከራ ይመክረዋል» ሲል ቃሉ በራሱ ተፈጥሮ የሚሰራውን ስራ ነው የሚናገረው ማለት ነው።

ጎንደር እንደምታውቁት የትርጓሜ አገር ናት፣ አንድን ቃል ይዞ «አንድም» እያሉ ፍቺ ላይ ፍቺ መደርደር እዚህ የቆየ ነው። የኔታም እንደዛው አወረዱት። መጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ እልከኛ ይወቀስበታል። አንድም፣ አሉ፣ መከራ መምህር ነው፣ መምህር ሲያስተምር ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠ ተማሪ በጓደኛው አይስቅም፣ ነገ ተራው የሱ ነውና። (እዚህ ላይ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።) አንድም፣ አሉና «አባባሉ መጨረሻው ላይ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ይመክረዋል፣ አልኩ። «ይሰብረዋል ይላል? ያጠፋዋል ይላል? የእጁን ይሰጠዋል ይላል?» አይልም። ይመክረዋል ነው የሚለው። ጠላት ደግሞ አይመክርም፣ የሚመክር ወዳጅ ነው፣ ስንመርቅ «መካር አያሳጣህ» እንላለን፣ «መካር የሌለው ንጉስ ያለ አንድ ዓመት አይነግስ» እንላለን። እንግዲህ ሰው ሁሉ መክሮ ተስፋ ቆርጦ የተወውን ልጅ እግዚአብሔር ግን ሳይተወው ሌላ መካር ላከለት ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ዱላ አድርጌ የያዝኩት ቃል ውስጡ ምሕረት ነበረው።

እሺ መከራ ሲመክር ምን ብሎ ነው የሚመክረው? «ሁለተኛ አትፈርም» ብሎ ብቻ ነው? ይሄንንስ ባለቤቴም ብላኝ ነበር። መከራ ሰው የማይነግርህን ነው የሚነግርህ፣ ከምትስቅበት ሰው ጋር አንድ ስጋ መሆንህን ነው የሚነግርህ። ርኅራኄ የምንለው ቃል በግእዙ ርኅርኀ ከሚል የመጣ ነው፣ ለሰለሰ፣ ራራ ማለት ነው። ቆዳ ሲሰራ ያየ ያውቀዋል፣ ከበሬው እንደወጣ ቢደርቅ እንደ ጣውላ ይሆናል፣ ይታሻል፣ ይረገጣል፣ ይቀባል፣ እንደገና ይታሻል፣ ከዛ በኋላ ነው የሚተኛበትም የሚለበስም የሚሆነው። ይሄንን ስራ ቆዳ ማልፋት ነው የምንለው፣ ቆዳው ለፋ ይባላል። ሰውም ደክሞ ሲሰራ ለፋ ነው የሚባለው፣ ቃሉ አንድ ነው! እትዬ የለፋች ሰው ናት። እኔ ግን በዛ ቡና ላይ ገና ያልለፋሁ ቆዳ ነበርኩ፣ ደረቅ፣ ቢነኩኝ የምንኳኳ።

ግን እዚህ ላይ ቸኩዬ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም መከራ በራሱ ሰውን ደግ ያደርጋል ካልን ሐሰት ነው። ፈርኦንን አስር መቅሰፍት መከረው፣ በየመቅሰፍቱ ልቡ ደነደነ እንጂ አልለሰለሰም። የኛን አፄ ቴዎድሮስን እዩ፣ እኔ እሳቸውን የሚወድ ሰው ነኝ፣ ግን እውነቱ ይነገር፣ የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባሉ በእናታቸው እየተሰደቡ ችግርን ከልጅነት ጀምረው አውቀውታል፣ ሆኖም በ1859 ዓ.ም ይሄንኑ ጎንደርን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥለዋል። መከራ አንዱን ሲያለሰልስ ሌላውን ያደርቃል። በኔ ደረሰ በሌላውም ይድረስ የሚል ሰው ሰፈራችን ሞልቷል። ልዩነቱን የሚያመጣው ጸጋ ነው፣ ጸጋ ማለት ደግሞ ስጦታ ነው፣ ሰርተህ የምታገኘው ደሞዝ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የስጋውን መውጊያ አንሳልኝ ብሎ ሶስት ጊዜ ሲለምን መውጊያው አልተነሳለትም፣ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነው። እኔም እዳው በተአምር አልተሰረዘልኝም፣ እስከ መጨረሻዋ ብር ከፍያለሁ።

በዛን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። ጣራው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ሰው ፎቶ ያነሳቸዋል፣ እኔም ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ፣ ግን ያኔ ነው በደንብ ያየኋቸው። አይናቸው ትልልቅ ነው፣ አፋቸው ግን ዝግ ነው። ቀና ስትል የሚያይህ እንጂ የሚናገርህ የለም። ያኔ የኢዮብ ወዳጆች ትዝ አሉኝ፣ እነሱም መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፣ ያጠፉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። አንድ በአንድ «ሳትበድል አይደለም» እያሉ እውነት የመሰላቸውን ሲደረድሩበት በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በነሱ ነው፣ እንዲጸልይላቸው የተደረገውም ያው የቆሰለው ኢዮብ ነው።

ስለዚህ አባባል ሳስብ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጠፋው ልጅ ታሪክ ነው፣ ሉቃስ 15 ላይ ያለው። ምክር ያልሰማ ማለት እኮ እሱ ነው። ድርሻውን አስከፍሎ ሩቅ አገር ሄደ፣ ጨረሰ፣ ረሃብ መጣ፣ እሪያ እየጠበቀ የእሪያ ምግብ ተመኘ፣ መከራ መከረው፣ ወደ ልቡ ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ አባባላችን ልክክ ይላል። ግን ቤት ሲደርስ ማን ነው አባባሉን የሚናገረው? አባትየው ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጠ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው፣ ልጁ የተዘጋጀበትን ንግግር እንኳን ሳያስጨርሰው ልብስ አምጡ ቀለበት አምጡ አለ። «መከራ መከረህ አይደል» ሊል ይችል ነበር፣ ቢል ሐሰት አልነበረም። የሰራውን ጥፋት አንድ በአንድ የቆጠረበት ታላቅ ወንድሙ ነው፣ እሱም ከቤት ውጪ ቆሞ። ያን ቀን እትዬ ቤት ስኒ ይዤ የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ውጪ ነበር የቆምኩት።

ጴጥሮስንም ጌታ አስቀድሞ ነግሮታል፣ ዶሮ ሳይጮህ ትክደኛለህ ብሎታል፣ እሱ ግን አልሰማም፣ እንዲያውም ከአንተ ጋር ወደ ሞትም እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ጌታ ግን ገና ሳይክደው የመመለሻውን ስራ ሰጠው፣ «አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና»። በል እንግዲህ ታየዋለህ አላለውም። የኔታ ደግሞ አንድ ጥቅስ ጨመሩልኝ፣ ዕብራውያን 5፥8፣ «ምንም ልጅ ቢሆን፥ ከተቀበለው መከራ መታዘዝን ተማረ»። ምክር ያልሰማ ሳይሆን ምክር የማያስፈልገው እርሱ በፈቃዱ ስለኛ መከራ ውስጥ ገባ፣ ስለዚህ መከራ ውስጥ ያለን ሰው ሁሉ አልሰማ ብሎ ነው ብለን መፍረድ አንችልም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁም እሱም ወላጆቹም አይደሉም ነው የተባሉት።

የቆሎ ተማሪዎች ነገርም እዚሁ ይገባል። ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ ይዘው ውሻ እየጮኸባቸው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉት ልጆች ነገ ቄስና መምህር የሚሆኑ ናቸው። የኔታም በልጅነታቸው ለምነዋል፣ እግራቸው ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለ፣ አሳይተውኛል። ለምኖ የበላ ሰው ደጁ የቆመን ለማኝ እንዴት እንደሚያይ ከሳቸው ነው የገባኝ፣ ከኔ ጋር እያወሩ እንኳን ድምፅ ሲሰሙ ወሬያቸውን አቋርጠው ይነሱ ነበር።

ልጁ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ከቅዳሜ ገበያ ስመለስ ሳላውቅ የሱ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፣ ሌላ ተሳፋሪ አልነበረም፣ ይሄን ሁሉ አመት ሆዴ ውስጥ የቆየውን «ይቅር በለኝ» አልኩት። «የቱን?» አለኝ። የቡናውን ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ነዳና «ያን ቀን ሶስት ሰው ነው ያለኝ፣ አንተ ሁለተኛው ነህ» አለኝ። ሰፈር ስንደርስ ሂሳብ ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት ያዘኝና «ተወው፣ እናቴ ቡና አፍልታለች፣ ግባ» አለኝ።