ኢፒፋይት ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ አበባ የሚሰበስብ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ዛፉ ላይ የወጣው ጥገኛ ነው፤ ሳይጨርሰው ንቀለው።» ሰሞኑንም አንድ ሰው የዋንዛው ቅርንጫፍ የደረቀው ኦርኪድ በተባለው የአበባ ተክል ነው ብሎ ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር ሰማሁ። ኧረ አይደለም!

ኦርኪዱ ኢፒፋይት ነው፤ ኢፒፋይት ደግሞ ሌላ ተክል ላይ ተደግፎ ይኖራል እንጂ ከተሸካሚው አይመገብም። የኦርኪዱ ሥር ቅርፊቱን ይይዛል፣ አይበሳውም። ሥሩን የሸፈነው ስፖንጅ መሰል ነጭ ልባስ ዝናብና ጤዛ ይመጥጣል፤ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። ማዕድኑም የሚመጣው ከዝናብ፣ ከአቧራና ቅርፊቱ ላይ ከሚበሰብስ ቅጠል ነው።

እውነተኛው ጥገኛ፣ ተቀጽላ፣ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ተከራዮች እንያቸው። ኦርኪዱ የጣሪያ ውሃ በበርሜሉ እያጠራቀመ ይኖራል፤ ተቀጽላው የአከራዩን ቧንቧ በስቶ የራሱን ጎማ ቀጥሏል። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ብዙዎች ይሸወዳሉ። እውነት ነው፣ እንጀራውን ራሱ ይጋግራል፤ የሚያቦካበት ውሃ ግን የአከራዩ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው ዛፉ ላይ ነው፤ በበጋ ውሃ ሲያጥር ከተቀጽላው ወዲያ ያለው የቅርንጫፉ ጫፍ መድረቅ ይጀምራል።

ታዲያ ኦርኪድ የደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ለምን ይታያል? ቅርፊቱ የሻከረ አሮጌ ቅርንጫፍ ስለሚመቸው ነው። ቅርንጫፉ በእርጅናው ሲሞት ጥፋቱ በእንግዳው ይላከካል። ሁሉም ኢፒፋይት ግን ንጹሕ ነው አልልም። አንዳንድ የዋርካ ዘመዶች ዛፍ ላይ በቅለው ሥራቸውን እስከ መሬት ይሰዳሉ፤ ኋላም ዛፉን ያንቁታል። የበሰበሰ ቅርንጫፍ ደግሞ በክብደት ብቻ ሊሰበር ይችላል።

ይኸው ስሕተት ሰብሳቢውንም ይጎዳዋል። ከዛፍ ከለዩት አፈር ይፈልጋል ብሎ በፍግ ማሰሮ ይቀብረዋል፤ አየር ያጣው ሥር ይበሰብሳል። ሻካራ እንጨት ላይ ቢያስረው ግን፣ ኤራንጊስ የተባለው የኦርኪድ ዓይነት ከሆነ፣ ደስታውን ማታ ያየዋል፦ ረጅም ጭራ ያለው ነጭ አበባ ሲመሽ ይሸታል፤ የሌሊት ቢራቢሮ የሚጠራበት ሽታ ነው።

ከጫካ ግን አትንቀሉ። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ስንቅ የሌለው ነው፤ የሚበቅለው ተስማሚ ፈንገስ ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ የተነቀለው ቶሎ አይተካም። የዱር ኦርኪድን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን የሳይተስ ስምምነትም ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ላይ ካገኛችሁት፣ ወይም ጎረቤት ከራሱ ተክል ቆርሶ ከሰጣችሁ ግን ከነቅርፊቱ ውሰዱት፤ ክረምቱ ሳይወጣ እሰሩት፣ ሥሩ አዲሱን እንጨት እስኪይዝ ገመዱን አትፍቱ።