ጎጃም በብስክሌት፦ ቀን እየመረጡ መንዳት

አባይ ከጣና ወጥቶ የጎጃምን ምሥራቅና ደቡብ ይዞራል። በውስጡ ያለው አገር ለብስክሌት ነጂ ሁለት ነው፤ ሜዳውና ደጋው። ሜዳው ለማንም ይሆናል፤ ደጋው ጉልበት ይጠይቃል። ከጉልበት በላይ የሚያስፈልገው ግን ቀን መምረጥ ነው።

ሜዳው የሚጀምረው ከባሕር ዳር ነው። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጣና ዳር ተዘርግታለች። ዳገት ስለሌለባት ብስክሌት እዚያ የስፖርተኛ ብቻ አይደለም፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳዋል። የሚያከራዩም አሉ። ሲከራዩ ቀለሙን ትተው ፍሬኑንና ጎማውን ይዩ። ከከተማ ከወጡ ጎሚስታ ማግኘት ዕድል ነውና ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መንፊያ ይያዙ።

ለአንድ ቀን የጢስ አባይ ፏፏቴ ይበቃል፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኔ ግን ጣና ውስጥ ገባ ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ይበልጣል። ከገዳማቱ ሌላ የሚታየው ጫካው ነው። በልማድ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ስለሆነ ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ክልከላውን ያኖሩት አቡነ በትረ ማርያም እንደሆኑ ይነገራል።

በደቡብ በኩል መራዊን፣ ዱርቤቴንና ዳንግላን አልፎ እንጅባራ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። እዚህ የአገው ምድር ነው። አጥሩ ቀርከሃ፣ ወንበሩ ቀርከሃ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በመስመር የተተከለው ቀጭን ዛፍ ዲከረንስ ይባላል። ገበሬው ተክሎ ጥቂት ዓመት ይጠብቅና ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ መሬቱን መልሶ እህል ይዘራበታል። ጭሱ ከሩቅ ይታያል። ጥር 23 ቀን የደረሰ ሰው ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል ያያል። የዓድዋ ፈረሰኞች የሚታሰቡበት ቀን ነው፤ ፈረሱ በጌጥ አሸብርቆ ጉግስ ይጫወታሉ። በማግስቱ የመጣ ሰው የሚያገኘው ባዶ ሜዳ ነው።

ከዚያ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ደብረ ማርቆስ ይገባል። አስፋልት ነው፤ መኪና ይበዛበታል።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአዴት፣ በሞጣና በቢቸና የሚያልፈው ሌላው መንገድ የቅኔ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም በዚያ በኩል ናቸው። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን ከገጠምዎ፣ ቅኔ ፍለጋ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከብስክሌትዎ ወርደው ሰላም ይበሉት።

የገበያ ቀን መንገዱ ሌላ ነው። አህያው ጤፍ ጭኖ፣ ሴቶቹ ጌሾና ቅቤ ይዘው፣ ወንዱ በቁምጣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መንገዱን ይሞሉታል። አህያ ለደወል ደንታ የለውም፤ ወርዶ መግፋት ይሻላል። ጠላ ቤት ቢገቡ ቤት ያፈራው አይጠፋም፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ግን ጾም ነውና ከሽሮ ሌላ አይጠብቁ። አንዱን ጣሳ ሲጨርሱ ሌላ ይቀዳልዎታል። ዳገት ለቀረው ሰው ይህ ፈተና ነው።

ክረምት አይመከርም። ዋልካው ጎማና ፍሬን መሐል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ብስክሌቱን ተሸክመው ይሄዳሉ። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፤ መሬቱ ደርቆ እህሉ ሳይታጨድ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት አለ። ስለዚህ ከመውጣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ ሾፌሮችና ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ግድ ነው። አትሂድ ካሉ አይኬድም።

መውጫው ደጀን ነው። ከዚያ እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ይግላል፤ እየቆሙ ማቀዝቀዝ ያሻል። ማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ያለው ዳገት ደግሞ ያን ሁሉ ያስመልሳል። ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ መጫን ነውር አይደለም።