በሰሜን ሸዋ ማረሚያ ቤቶች ሲጋራ ማቆምና የዕፅ ሱስ

ሰሜን ሸዋ ሲባል እዚህ የአማራ ክልሉ ዞን ነው፤ ፍቼን መቀመጫው ካደረገው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል። የዞኑ ማረሚያ ቤት 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በብርዳማዋ ደብረ ብርሃን ነው። ከጣርማበር ወዲያ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ የሸዋ ሮቢት ቆላ ይመጣል፤ በዚያ የፌዴራል ማረሚያ ቤት አለ። የሸዋ ሮቢት ሜዳ ለረጅም ዘመን ትንባሆ የተመረተበት መሬት መሆኑም ከነገራችን ጋር ይገጥማል።

በኢትዮጵያ አጫሹ ጥቂት ነው፤ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀመው ከአዋቂው ሕዝብ 5 በመቶ ያህሉ ነበር። ማረሚያ ቤት ግን በብዙ አገር ከውጭው ሕዝብ ይልቅ አጫሽ የሚበዛበት ቦታ ነው። ሥራ መፍታቱ፣ የፍርድ ጭንቀቱና ሲጋራው እንደ ገንዘብ የሚመነዘር መሆኑ ተደምረው ከውጭ ያላጨሰውን ሁሉ ያስለምዳሉ። ሲጋራ ነውር ከሆነበት ከመንዝ ገጠር የመጣ ወጣት እስር ቤት የለመደውን ስንቅ ከምታመጣለት እናቱ ይደብቃል።

ዕፁን በተመለከተ ሕጉ ሁለት መልክ አለው። ካናቢስ ማምረትና ማዘዋወር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። ጫት ግን ከበሩ ውጭ በነጻነት የሚሸጥ ነው፤ ፍተሻው ጋ ሲደርስ ብቻ የተከለከለ ዕቃ ይሆናል።

ሁለቱም ሲጋራ ለመተው የሚሞክረውን ሰው የሚጥሉት በየራሳቸው መንገድ ነው። የጫት ምርቃና ሲጋራ ይጠራል፤ ቀኑን ሙሉ የታገሠ ሰው ሲመረቅን ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ካናቢስ ደግሞ ከትንባሆ ጋር ተቀላቅሎ ሲጠቀለል «ሲጋራ ትቻለሁ» የሚለው ሰው ሱስ የሚያስይዘውን የትንባሆውን ኒኮቲን ሳያውቀው ይወስዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዕፁ ሲቋረጥ የሚመጣው ነው። የኒኮቲን ሀራራ በሰዓታት ውስጥ ጀምሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለዝባል። የጫቱ ሀራራም ድካም፣ ቅዠትና ድባቴ ያመጣል። ብስጭቱ አንድ ስለሚመስል ታራሚው የትኛው እንደያዘው አይለይም፤ እጁ የሚሰደደው በቅርቡ ወዳለው ነው፣ እሱም ሲጋራ ነው። ፍተሻ ሲጠብቅና ዕፁ ሲጠፋ አጫሹ ቢበዛ አይገርምም።

«መጀመሪያ ዕፁን ይተው፣ ሲጋራው ይቆየው» የሚለው የቆየ ምክር ግን የተሳሳተ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማከም ከዕፅ መላቀቁን እንደማይጎዳ ጥናቶች አሳይተዋል፤ እንዲያውም የረዳበት ጊዜ አለ። ችግሩ ታራሚው ለማረሚያ ቤቱ ነርስ ሲጋራውን እንጂ ዕፁን አይናገርም፤ ቅጣት ይፈራል። ይህ ከምክር አልፎ መድኃኒቱንም ያበላሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ የኒኮቲን ምትክን (እንደ ማስቲካና ልጥፍ ያለውን) በ2009፣ ሲጋራ ለማቆም የሚረዳውን ቡፕሮፒዮን የተባለ ክኒን በ2021 አስገብቷል (ሁለቱም በጎርጎርዮሳዊው)። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ስለሚችል የሰውየው የዕፅና የአረቄ ታሪክ ሳይታወቅ መስጠቱ አደገኛ ነው።

እዚህ ዘወትር የሚዘነጋ አንድ አቅም አለ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን ይዞ የሚውል አጫሽ ብዙ ነው፤ ከሲጋራ ጋር እንዴት እንደሚዋጋ ለመካሪ የሚነግረው ራሱ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ክልከላ ብቻውን ግን እስከ በሩ ድረስ ነው የሚሠራው፤ ኒው ዚላንድ እንደ ጎርጎርዮሳዊው በ2011 በእስር ቤቶቿ ሁሉ ማጨስን ከልክላለች፤ በየአገሩ እንዲህ ተገድደው ካቆሙት ብዙዎቹ ግን ከተፈቱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ይመለሱበታል። ከሸዋ ሮቢት የሚፈታ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው መናኸሪያው ነው፤ እዚያም ጫቱ በእቅፍ፣ ሲጋራው በፍሬ ይሸጣል።