«በሽታው ጠፋ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ፖሊዮ ከአፍሪካ ጠፍቷል ካላችሁ ልጄን ለምን አስከትባለሁ?» ብላ የምትጠይቅ እናት ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ግራ የሚያጋባው ቃሉ ነው፤ «ጠፋ» የምንለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነውና።

አንደኛው ከአንድ አካባቢ መወገድ ነው። ቫይረሱ ሌላ ቦታ ስላለ ክትባቱ አይቆምም። አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ ተባለች፤ በ2022 ግን ከፓኪስታኑ ጋር የሚዛመድ ዝርያ ማላዊ ውስጥ አንዲት ሕፃን ላይ መገኘቱ ተነገረ።

ሁለተኛው ከምድረ ገጽ መጥፋት ነው። እስካሁን እዚህ የደረሰ የሰው በሽታ ፈንጣጣ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ታማሚ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በዓለም በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በ1977 ሶማሊያ፣ መርካ ውስጥ ተገኘ። በ1980 መጥፋቱ ታወጀ፤ ክትባቱም ቀረ።

ጥቅሙን ለመገመት ፊታቸው በፈንጣጣ ጠባሳ የተሞላ፣ ዓይናቸው የጠፋ አረጋውያንን ማስታወስ ይበቃል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የሕክምና ድል የለም። ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም፦ ክትባቱ የፈንጣጣ ዘመድ ከሆነው ከኤምፖክስም ይከላከል ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደው ትውልድ ያለዚያ ጋሻ ቀርቷል። ቫይረሱም ቢሆን በአሜሪካና በሩሲያ፣ በሁለት ቤተ ሙከራዎች ተቆልፎበት ዛሬም አለ።