የገና የእጅ ሥራ ከትንንሽ ልጆች ጋር፦ ከወረቀት፣ ከጥጥና ከሊጥ

ለገና ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ የሚሠሩ ጌጦች ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ያለቀ ደብተር፣ ካርቶን፣ ጥጥ፣ ኮላ፣ ዱቄትና ጨው ካለ ይበቃል። ዋናው ነገር ሥራው የልጁ መሆኑ ነው። ወላጅ ቆርጦ፣ ለጥፎ፣ አሳምሮ ልጁ ቆሞ የሚያይ ከሆነ ከሱቅ መግዛቱ ይቀላል። ልጁ የሠራው ኮከብ ቢንሻፈፍም እንደዚያው ይሰቀል። ልጁ ተኝቶ ሳለ ደብቆ ማስተካከል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ልጆች ያውቁታል።

ሥራው እንደ ዕድሜው ይመረጣል። የ2 እና የ3 ዓመት ልጅ ወረቀት መቅደድ፣ ኮላ መቀባት፣ ሊጥ ማድቦልቦል ይችላል፤ ይወደዋልም። ከ4 ዓመት በኋላ ጫፉ ዱልዱም የሆነ መቀስ ይዞ ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ ይጀምራል። ኮላ ከሌለ የዱቄት ሙጫ አለ። አንድ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ እስኪወፍር ይማሰላል። ሲበርድ ወረቀት አጥብቆ ይይዛል፤ ለልጅ እጅም አይከፋም።

ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ የተስፋፉት በትምህርት ቤት በኩል ነው። ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪሽ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ከተማ የሕፃናት ማቆያ ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ ኪንደርጋርተን የሚለውን ስም ሰጠው። እዚያ ወረቀት ማጠፍና መሸመን ልጆች እጃቸውን የሚያፍታቱበት ዋና ሥራ ነበር። ከ4 የወረቀት ጥብጣቦች ታጥፎ የሚሠራው የገና ኮከብ እስከ ዛሬ በፍሮብል ስም ይጠራል፤ የፈጠረው ግን እሱ አይደለም። እዚያው ጀርመን፣ ኒስኪ በምትባል ከተማ፣ በሞራቪያውያን (የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ማኅበር) ትምህርት ቤት በ1830ዎቹ ተማሪዎች ጂኦሜትሪ ሲማሩ ባለ ብዙ ጫፍ ኮከብ ከወረቀት ይሠሩ ነበር። ዛሬ ያ ኮከብ በብዙ አገር መብራት ገብቶበት በገና ሰሞን ይንጠለጠላል። በዴንማርክ ደግሞ ሁለት ቀለም ወረቀት ተሸምኖ የልብ ቅርጽ ያለው ትንሽ ቅርጫት ይሠራል፤ ውስጡ ከረሜላ ይገባበታል። እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ የቆየው ደራሲው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1860 የሠራው ነው። ይህኛው ግን ለትንንሽ ልጆች ከበድ ይላል። 7 ዓመት ሳይሞላ ባይሞከር ጥሩ ነው።

እኛም ጋ ልጅ ለበዓል በእጁ መሥራቱ አዲስ ነገር አይደለም። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች አበባና መላእክት ሥለው በየቤቱ ያድላሉ። ለገና ሲሆን ግን በከተማ ብዙ ጊዜ ሥራው ሁሉ ዛፉ ላይ ያልቃል። ጥድ ይቆማል፣ ጥጥ እንደ በረዶ ይበተንበታል፣ መብራት ይዞርበታል። እኔ ጥጡን ለበግ ባውለው እመርጣለሁ። የቤተልሔም እረኞች ታሪክ ለልጅ ከበረዶው ይልቅ ቅርብ ነው። በግ ደግሞ ያላየ ልጅ የለም።

በጉ እንዲህ ይሠራል። ከካርቶን የእጅ መዳፍ የሚያህል ሞላላ ይቆረጣል። ልጁ ኮላ ይቀባዋል፤ ጥጡን እየቆነጠረ እያድቦለቦለ ይለጥፋል። ፊቱ ከጥቁር ወረቀት ይሆናል፤ ለእግሩ የአይስክሬም እንጨት ወይም ተጠቅልሎ የጠነከረ ካርቶን ይበቃል። ስቴኪኒ ጫፉ ስለሚወጋ ለትልልቆቹ ይቆይ። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ካለ አንዷ ጎድጓዳ ተገልብጣ ጥሩ ጠቦት ይወጣታል። ግርግሙ ደግሞ ከክብሪት ቀፎ ነው። የውስጡ መሳቢያ ይወጣና ጭድ ወይም በቀጭኑ የተቀደደ ወረቀት ይነጠፍበታል። ለበዓሉ ቄጤማ ከተገዛ ትንሽ ተቆርጦ በረቱ ውስጥ ይጎዘጎዛል። በረቱ የጫማ ካርቶን ነው፤ በጎኑ ሲቆም በር አለው፣ ጣሪያም አለው። ልጆች በዓሉ እስኪያልፍ በጎቹን ሲያስገቡና ሲያስወጡ ይውላሉ።

ሌላው ለአገራችን ልጆች የሚስማማው የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ነው። ገና በላሊበላ በድምቀት ይከበራል፤ ልጆችም በቴሌቪዥን ያዩታል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ሦስት መስቀሎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ተቀርጸው ይታያሉ። ይህን ለመሥራት አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ወረቀት ሁለቴ ይታጠፋል፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ወረቀቱ በሚከፈትበት ማዕዘን በኩል ትንሽ አራት ማዕዘን ተቆርጣ ትወጣለች። ለልጁ ሁለት ቀጥ ያሉ ቁርጦች ናቸው። ሲዘረጋ ክንዶቹ እኩል የሆኑ መስቀል ይሆናል። በታጠፈው ማዕዘን በኩል ከተቆረጠ ግን መሃሉ ይበሳል፤ ስለዚህ የሚቆረጠውን ቦታ አዋቂ በእርሳስ ምልክት ያድርግበት። ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ መስቀል በተለያየ ቀለም ተቆርጠው ሲደራረቡ ጣሪያው ይኸው። ልጁ ወረቀቱን ሲዘረጋ ፊቱ ላይ የሚታየውን መገረም ለማየት ብቻ እንኳ መሞከር ያስደስታል።

የጨው ሊጥ ቆይቶም አይበላሽም። 2 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄትና 1 ብርጭቆ ደቃቅ ጨው ይደባለቃል፤ እስከ 1 ብርጭቆ ውሃ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ይታሻል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳምጦ በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ይወጣል። ማንጠልጠያው ቀዳዳ ሊጡ ሳይደርቅ በስክሪብቶ ቀፎ ይበሳ፤ ከደረቀ በኋላ ከተሞከረ ይሰበራል። ኦቨን ካለ በ120 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። ከሌለ የታኅሣሥ ፀሐይ በጥቂት ቀን ያደርቀዋል፤ እየተገለበጠ ነው። ቢጫ ለማድረግ እርድ ሊጡ ውስጥ ይገባል። በርበሬ ግን አይሞከር፤ ልጅ በዚያው እጁ ዓይኑን ያሻል። ሊጡ ዳቦ ይመስላል እንጂ አይበላም። ጨው የበዛበት ስለሆነ ለሕፃንም ለቤት ውሻም አደገኛ ነው።

የወረቀት ሰንሰለት ሁሉም ያውቀዋል። ቀን መቁጠሪያ ሲሆን ግን የበለጠ ጣዕም አለው። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ላንግ ልጅ ሳለ እናቱ 24 ብስኩቶች ካርቶን ላይ አድርጋ ገና እስኪደርስ በየቀኑ አንድ ትሰጠው ነበር። አድጎ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያንን በወረቀት አሳትሞ ሸጠ። እኛ ጋ ጾመ ነቢያት አለ። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ 44 ቀን ነው፤ ትልልቅ ልጆች 44 ቀለበት ሰክተው በየማታው አንድ ሊበጥሱ ይችላሉ። ለ4 ዓመት ልጅ ግን ያ ዘላለም ነው። የመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ይበቁታል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ቆጠራው ያኔ ይስተካከል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ የሐበሻ ቤተሰቦች ጊዜው ራሱ ያግዛል። የፈረንጆቹ ገና በታኅሣሥ 16 ሲያልፍ በየቤቱ የስጦታ መጠቅለያ ይጣላል። ያ ሁሉ እስከ ታኅሣሥ 29 ለሰንሰለትና ለኮከብ ይሆናል።

ጨዋታውም የእጅ ሥራ አለበት። ለገና ጨዋታ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላና ሩር ያስፈልጋል። እንጨቱና ጠንካራው ሩር ለትንንሾች አይሆንም፤ ጥርስ ያወልቃል። በምትኩ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ የካልሲ ኳስ መሥራት፣ ጋዜጣ ጠቅልሎ በፕላስተር አጥብቆ ዱላ ማድረግ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ታናናሾቹ ቢመቱም ሳያለቅሱ እንዲጫወቱ ቀድሞ ማስተማር ይጠቅማል።

ጥጥና ወረቀት በቀላሉ ይያያዛሉ። ጧፍና ሻማ ከዛፉም ከበረቱም ራቅ ብሎ ይብራ። 3 ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ ቁልፍ፣ ጨሌና ባቄላ ለጌጥ አይውሉ፤ አፉ ውስጥ ይከታቸዋል። የጨው ሊጡ ጌጥ እርጥበት ካገኘው ይልማል፤ ስለዚህ በዓሉ ሲያልፍ በወረቀት ተጠቅልሎ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ጀርባው ላይ የልጁ ስምና ዓመተ ምሕረቱ በእርሳስ ይጻፍበት።